ከሥዕል ኤግዚቢሽን ጎን ፊልም ለማሳየት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሚከራየው ፕሮጀክተር፣ ስክሪንና ድምፅ ሲመዘን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም ቅርስ ተሰቅሎ ከጎኑ ፊልም ይታይ ሲባል ዕቃው የሚመጣው ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለስብሰባ ከሚያከራዩ ቤቶች ነው። ፓኬጁ የታወቀ ነው፤ አንድ ፕሮጀክተር፣ በሦስት እግር የሚቆም ስክሪን፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ከነሚክሰሩ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣ አንድ ባለሙያ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ፕሮጀክተሩን ተከራዩ፣ ስክሪኑን ተዉት፣ ትልልቆቹን ስፒከሮች ፈጽሞ አትውሰዱ። የጎደለውን በነጭ አንሶላ፣ በጥቁር ጨርቅና በባና መሙላት ይቻላል፤ ውጤቱም ሙሉውን ፓኬጅ ከመውሰድ ይበልጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሠርግ አዳራሽ ምስሉ ትልቅና ደማቅ፣ ድምፁም ከፍ ያለ ከሆነ በቂ ነው። ከኤግዚቢሽን ጋር የሚታይ ፊልም ግን ተመልካቹን ከወንበሩ አስነስቶ ወደ ሥዕሉ ካልመለሰው ቢቀር ይሻላል። ስለ አንድ ሠዓሊ የብሩሽ አያያዝ የሚያሳይ ፊልም ላይ ቀዩ ቀለም ብርቱካናማ ሆኖ ከታየ፣ አጠገቡ ባለው ክፍል የተሰቀለውን ሥዕል ያየ ሰው ከሁለቱ አንዱን መጠራጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ዕቃውን የመዘንነው በቀለም ትክክለኛነትና በንግግር ጥራት ነው፤ በጉልበት አይደለም።

ከፕሮጀክተሩ እንጀምር። አከራዩ ዘንድ ሄዳችሁ ሳታበሩ አትዋዋሉ። መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የመብራቱን ሰዓት እዩ። የፕሮጀክተር መብራት ዕድሜ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ድረስ ነው፤ እናም 5,000 ሰዓት ተብሎ የተሠራ መብራት 4,500 ሰዓት ከሠራ፣ ሳጥኑ ላይ 3,600 ሉመን (ሉመን ከፕሮጀክተሩ የሚወጣው ብርሃን መለኪያ ነው) ተብሎ ቢጻፍም በእጃችሁ ያለው ከ2,000 ብዙ አይርቅም። ቀጥሎ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ገጽ ክፈቱና መብራት አጥፍታችሁ ግድግዳው ላይ ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ነጩ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ካደላ በውስጡ ያሉት የቀለም ማጣሪያዎች በሙቀት ተቃጥለዋል ማለት ነው፤ በሜኑ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ሌላ ጠይቁ። ጭጋግ የመሰለ ክብ ጥላ ካያችሁ ደግሞ አቧራ ገብቷል። ይህ በተለይ ኮምቦልቻ በበጋ ይበዛል፤ የአየር ማስገቢያው ማጣሪያም ብዙ ጊዜ ሳይጸዳ ይቆያል። ማጣሪያውን አስከፍታችሁ በለስላሳ ብሩሽ አስጠርጉት።

ሦስተኛው የቀለም ሁነታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህን ነው። የኪራይ ፕሮጀክተሮች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጡት «ዳይናሚክ» በሚባለው ሁነታ ተስተካክለው ነው። ይህ ሁነታ ብርሃኑን ለማብዛት ምስሉን ወደ አረንጓዴ ይገፋዋል፤ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል፣ ቡናማው መሬት ሣር ሣር ይላል። «ሲኒማ» ወይም «ኤስአርጂቢ» ወደሚለው ቀይሩት። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ግን ይታረቃል። ማረጋገጫው ሩቅ አይደለም፤ ከተሰቀሉት ሥዕሎች አንዱን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን በፕሮጀክተሩ ክፈቱ፣ ከዚያም ሥዕሉ ፊትና ስክሪኑ ፊት እየተመላለሳችሁ ቀዩንና ቡናማውን አስተያዩ።

አሁን የከፍታው ጉዳይ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ኤፕሰንን ጨምሮ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆን «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚባለውን ሁነታ አብሩ ይላሉ። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነቱ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ መብራቱ ይግላል፣ ከዚያ ወይ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይመጣል ወይ ፊልሙ መሐል ላይ ድርግም ይላል። ሁነታው ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሁለቱም ከተማ ላይ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ሳይታወቅ ያልፍ ይሆናል፤ ለ90 ደቂቃ ፊልም በተዘጋና በሰው በተሞላ ክፍል ግን አያልፍም። ዋጋው ጫጫታ ነው፤ ማራገቢያው ሲፈጥን ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፣ በተለይ ፊልሙ ጸጥ ሲል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ በተመልካች መሐል ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ከኋላ፣ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ ከራስ በላይ በሚደርስ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ይሁን።

እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። በብዛት የሚከራዩት የስብሰባ ፕሮጀክተሮች ለ1 ሜትር የምስል ስፋት ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። 3 ሜትር ስፋት ላለው ምስል ሌንሱ ከግድግዳው ከ4.5 እስከ 5.4 ሜትር መራቅ አለበት። ክፍሉ 5 ሜትር ብቻ ከሆነ ፕሮጀክተሩን ከጀርባ ማስቀመጥና 3 ሜትር ምስል ማግኘት አብሮ ላይሄድ ይችላል፤ 2.5 ሜትር ላይ ተስማሙ። በጎን አስቀምጦ «ኪስቶን» በሚባለው ማቃናት ግን አንመክርም። ምስሉ ቀጥ ያለ ቢመስልም ነጥቦቹ እየተጣሉ ነው፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም ፊደል ነው፣ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ላይ «ሰ»ና «ስ» መለየት ያቅታል።

ስለ ብርሃን አቅም ሰው የሚጨነቀው ያለቦታው ነው። 3,600 ሉመን የተባለ ባለ 4፡3 (የምስሉ ስፋት 4 ሲሆን ቁመቱ 3 የሆነ) ፕሮጀክተር ሰፊ ምስል (16፡9) ሲያሳይ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛውን ብቻ ይጠቀማል፤ 2,700። ይህ 3 ሜትር በ1.7 ሜትር በሆነ ምስል ላይ ሲዘረጋ 530 ሉክስ ገደማ ነው፤ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። መብራቱ አርጅቶና የቀለም ሁነታው ተስተካክሎ ግማሹ ይቅር እንበል፣ 260። ከመስኮት የሚሾልከው ብርሃን ስክሪኑ ላይ 50 ሉክስ ከሆነ፣ በምስሉ ነጭና ጥቁር መካከል ያለው ልዩነት 6 እጥፍ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሁለት እጥፍ ጉልበት ያለው ፕሮጀክተር ብትከራዩ ወደ 11 ይደርሳል። መስኮቱን በደንብ ዘግታችሁ የሚሾልከውን ወደ 5 ሉክስ ብታወርዱት ግን ያው ያረጀው ፕሮጀክተር ከ50 እጥፍ በላይ ይሰጣችኋል። ለትልቅ ፕሮጀክተር የሚጨመረው ገንዘብ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይዋል። ጨርቁ በድርብ ይሰፋ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ በየጎኑ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፤ በሩ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት መጋረጃ በ1 ሜትር ርቀት ይንጠልጠል፣ አርፍዶ የሚገባ ሰው በሚያስገባው ብርሃን ምስሉን እንዳያደበዝዘው።

መኖሪያ ሆነው የተሠሩ ቤቶች ኤግዚቢሽን ማሳያ ሲሆኑ ይህ ሥራ ይበዛል። የደሴ ሙዚየም ራሱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለፊልም ትልቁን ክፍል ከመምረጥ ይልቅ መስኮት የሚያንሰውን ምረጡ። 25 ሰው ጨለማ ውስጥ በደንብ ቢያይ 60 ሰው በድንግዝግዝ ከሚያይ ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ማሳየት ይቻላል።

በሦስት እግር የሚቆመው ስክሪን 1.8 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው። ሰፊ ምስል ሲያርፍበት ቁመቱ 1 ሜትር ይሆናል፤ ከ6 ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው የግርጌ ጽሑፉን ለማንበብ ይቸገራል። ሰው ባለፈ ቁጥርም ይወዛወዛል። ማተሚያ ቤት የሚሸጠው ነጭ ባነር ደግሞ ያብለጨልጫል፤ መሐሉ ላይ የብርሃን ኳስ ይሠራል፣ ጠርዙ ይጨልማል። የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም የተቀባ ለስላሳ ግድግዳ ከሁሉም ይበልጣል። ግድግዳ ከሌለ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ነጭ የጥጥ አንሶላ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ ቸንክሩ። አቡጀዴም ይሠራል፣ ግን ጠባብ ስለሆነ ስፌት ይገባበታል፤ ስፌቱ ፊት ላይ እንዳይወርድ አግድም ይሁንና ከታች ይምጣ። በሁለቱም ከጀርባ ጥቁር ጨርቅ መደረብ ግድ ነው፤ አለዚያ ብርሃኑ ያልፍና ምስሉ ይሳሳል። የምስሉ ግርጌ ከወለል 1.2 ሜትር ከፍ ይበል፤ ጽሑፉ ከታች ስለሆነ ከፊት የተቀመጠ ሰው ራስ መጀመሪያ የሚሸፍነው እሱን ነው።

ድምፅ ላይ ክርክራችን ጠንከር ያለ ነው። የሠርግ ስፒከር የተሠራው ሙዚቃ ከሩቅ እንዲሰማ ነው። ሥዕል በተሰቀለበት፣ ግድግዳው ልሙጥ፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲገባ ንግግሩ ራሱ ላይ እየተደራረበ ይጉረመረማል። ባለሙያው አልተሰማም ሲባል ይጨምረዋል፤ ሲጨምረው ይብስበታል። ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከቆመ በኋላ ጭራ ካለው መድኃኒቱ ጨርቅ ነው፣ ቮልዩም አይደለም። ከስክሪኑ ትይዩ ያለው የኋላ ግድግዳና ሁለቱ ጎኖች ላይ ባና ወይም ወፍራም ምንጣፍ ከግድግዳው በእጅ ስፋት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ወለሉ ላይም አንጥፉ። ከዚያ 8 ኢንች የሆኑ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው ወደ መሐል ይዙሩ። ሚክሰሩ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ዝቅ አድርጉት። እንደ አይጠየፍ ያሉ ለግብር የተሠሩ ታላላቅ አዳራሾች የተለዩ ናቸው፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ለግብርና ለጉባኤ እንጂ ለፊልም ንግግር አልነበረም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ንግግር አልባ ወይም ሙዚቃ የሚበዛበት ፊልም ይመረጥ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ከሆነ ዝናቡ ሁሉንም ያሸንፋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ማሳያውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አድርጉት። ወሎ በልግም ስላላት የካቲትና መጋቢት ላይም ሰማዩን ሳታዩ ፕሮግራም አታትሙ። በሌላው ጊዜ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ጥሩ ሰዓት ነው፤ የዙህር ሶላት ካለፈ በኋላ ነው፣ 80 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ደግሞ ዓስር ሳይደርስ ያልቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ማስጀመር ግን ለጨለማው ሲባል ቢያጓጓም መግሪብ ላይ ይወድቃል፣ ግማሹ ተመልካች ይቀራል።

መብራት መጥፋቱን እንደ ድንገተኛ ነገር አትቁጠሩት። ጄኔሬተር ይኑር፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ 30 ሜትር ርቆ። ከእሱ ሌላ 1,500 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ ብቻ ላይ ይግባ። ዩፒኤሱ ፊልሙን አያስጨርስም፤ ሥራው ጄኔሬተሩ ተነስቶ እስኪረጋ ድረስ ማቆየትና፣ ካልተነሳም ማራገቢያው መብራቱን አቀዝቅዞ በወጉ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። እየጋለ በድንገት የተቋረጠ መብራት ዕድሜው ያጥራል፤ ወዲያው ላብራህ ቢሉትም እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። አከራዩ ዩፒኤስ የለኝም ካለ ከኮምፒውተር ቤት ለብቻው ተከራዩ። አንድ ነገር ይታከል፦ ዕቃው በሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከብርድ ወደ ሙቀት ስለሚገባ ሌንሱ ውስጥ እርጥበት ሊያዝ ይችላል። ሳጥኑን ሳትከፍቱ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ ከዚያ አብሩ።

ላፕቶፑ የእናንተ ይሁን። የአከራዩ ላፕቶፕ መሐል ላይ ዝማኔ ሲጀምር የሚያሳፍረው እናንተን ነው። ከፕሮጀክተሩ አጠገብ አስቀምጡት፤ ከ10 ሜትር በላይ የሆነ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስሉን ያቆራርጣል። የኢትዮጵያም ሆነ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቆዩ ዘገባዎች በሰከንድ 25 ምስል የተሠሩ ናቸው፤ ላፕቶፑ ደግሞ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚልከው። ካሜራው ቀስ ብሎ መልክዓ ምድሩን ሲቃኝ ምስሉ ንቅንቅ የሚለው ለዚህ ነው። የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ወደ 50 ኸርዝ አውርዱት፣ ይለሰልሳል።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በሳጥን ሳጥን ተተክቶ ከመጣ ችግሩ ሁለት ቦታ ነው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደላት ኮድ (ኢንኮዲንግ) አልተቀመጠም፣ ወይም ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት መርጧል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ በምርጫዎች ውስጥ የግርጌ ጽሑፍ የሚለውን ከፍታችሁ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ናይላ አድርጉ። ከዚህም የሚሻለው ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋህዶ አዲስ ፋይል ማውጣት ነው፤ ያን ጊዜ በማንም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ ይሁን። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች፣ ሕፃናትም ይመጣሉ፤ ለእነሱ በማይክ ቀስ ብሎ የሚተርክ አንድ ድምፀ መልካም ሰው ከየትኛውም ዕቃ በላይ ዋጋ አለው።

የፊልሙ ቅርጽ ይከበር። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ምስሉ ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው። ባለሙያው ስክሪኑን ለመሙላት ወደ ጎን ሲለጥጠው ገበሬው አጭርና ወፍራም ይሆናል። ለዚህ ፊልም ያ «አሮጌ» የሚባለው ባለ 4፡3 ፕሮጀክተር ልኩ ነው። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ስለሆነ ግን ከዙህር እስከ ዓስር አይበቃም፤ እረፍት አስገቡለት ወይም በሁለት ቀን አሳዩት።

ወሎ ላይ ለብቻው ሊነሳ የሚገባው የ1966ቱ ረሃብ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ስለ ረሃቡ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዘገባ ተመልሶ ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ዘመን ላይ የተሠራ የሥዕል ወይም የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ይህን ዘገባ ቢፈልግ አይገርምም። ነገር ግን እዚህ ምድር ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት የተመልካቹ የአያት ወይም የአጎት ፊት ሊሆን ይችላል። ኮሪደር ላይ በቴሌቪዥን ደጋግሞ እየዞረ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ፈጽሞ አይደረግ። በር ላይ ምን እንደሚታይ ይነገር፣ ሰው ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይየው፣ ከዚያ ለመነጋገር ጊዜ ይሰጥ። ፈቃዱም ከባለመብቱ መጠየቅ አለበት፤ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለሥራው ነው። ከኢንተርኔት ስለወረደ ወይም መግቢያው ነጻ ስለሆነ ፈቃድ አያስቀርም።

ለተሰቀሉት ሥራዎችም ይታሰብ። ብራና፣ ወረቀትና ጨርቅ ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን ሊያርፍባቸው አይገባም፤ የዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ይችላል። የፕሮጀክተሩ ጨረር በመንገዱ ላይ ያለ ሥራ እንዳይነካ መስመሩን አስቀድማችሁ እዩ። 40 ሰው በተዘጋ ክፍል ሲተነፍስ እርጥበቱ ይጨምራል፣ ብራናም ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ብራና ያለበት ክፍል ውስጥ ፊልም አይታይ። ቡናው ይፈላ፣ ጀበናው ይምጣ፣ ግን ግቢው ውስጥ። የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ሥዕል ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀመጣል።

አከራዩን ስትዋዋሉ ከፊልሙ ማለቂያ በኋላ ቢያንስ 40 ደቂቃ ጨምሩ። ባለሙያው ዕቃውን መጠቅለል ሲጀምር ሰው ያለቀ መስሎት ወደ በሩ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ 20 ደቂቃ ኤግዚቢሽኑን ማየት፣ ከዚያ ፊልሙ፣ ከዚያ መብራቱ ቀስ ብሎ ሥዕሎቹ ካሉበት ክፍል ጀምሮ ይበራና ሰው በዚያ በኩል ይውጣ። ገመዱ፣ ፍሬሙና ስፒከሩ የሚነቀሉት የመጨረሻው ተመልካች ከሥዕሎቹ ክፍል ከወጣ በኋላ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉት።